የመፋቂያ ሻጯ አፍ

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2007። በደህና እጇ መላጥ ጀምራ ያልጨረሰችው መፋቂያ ከትራሷ ሥር ተገኘ። እሷ ሞታለች።

መዝገብ በምይዝበት የግል ክሊኒክ በር ላይ መፋቂያ ትሸጥ ነበር። ቀሚሷን ጭቃ ቢነካው ግድ የላትም፤ አፏን ሳትፍቅ ግን የማንንም ሰላምታ አትመልስም። እኔን "ዳክታሪ" ትለኛለች። ሐኪም አይደለሁም ስላት፣ "እሱስ ያስታውቃል፤ ሐኪም ቢሆን አፉ እንዲህ አይሸትም" ብላ ሳቀችብኝ።

ስትሮክ ግራ ጎኗን ሲጥለው አንደበቷም ተያዘ፤ እዚያው ክሊኒካችን ተኛች፤ ውኃ እንኳ ትን ይላት ጀመር። ነርሷ "በአፏ ምንም እንዳይገባ" አለች። የእህቷ ልጅ ሙጂባ ትእዛዙን እንደ ጾም ጠበቀችው፤ አፏን እርጥብ ጨርቅም አላስነካችው። በሽተኛዋ ወደ ከንፈሯ ስታመለክት "አክስቴ፣ ታገሺ፤ ውኃ ተከልክሏል" ትላታለች። የፈለገችው ውኃ አልነበረም። ምላሷ ነጭ ቅርፊት ያዘ፤ ቆሻሻው ከምራቋ ጋር ሳንባዋ ገባ። ያልበላ አፍም እንደሚቆሽሽ ለሙጂባ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ነጭ ጋዋን ከለበሱት አንዱም። እኔም መዝገቡ ላይ "የሳንባ ምች" ብዬ ጻፍኩ።

በወደቀችበት ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ አንድ እስር መፋቂያ ይዛ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። "በሽተኛም አፍ አለው" እያለች በየአልጋው ራስጌ አንድ አንድ አስቀመጠች፤ ባዶ በነበረችው፣ በኋላ እሷ በተኛችባት አልጋ ራስጌም።