ቤሩት ተሰበረ የተባለው ጉልበት

ንፋስ መውጫ ገበያ ድንች የምትሸጠው ሴት ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥላ፣ ቀኝ እግሯን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው። ጉልበቷ አይታጠፍም። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት «ቤሩት ደረጃ ሳጥብ ወድቄ» ትላለች። ሰውም ከንፈሩን መጦላት ድንቹን ይገዛል።

አንድ ቅዳሜ መምህር አበባው ሊገዛ ጎንበስ እንዳለ ከክምሩ ላይ አንድ ድንች ተንከባለለ። ሴትዮዋ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ በግራ እግሯ አስቆመችው፤ በጫማዋ ጫፍ ብድግ አድርጋም በእጇ ቀለበችው። መምህሩ ደነገጠ። ያን እግር ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሲማር ስታዲየም እየገባ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾለታል። በቃሬዛ የወጣች ዕለትም ቆሞ አጨብጭቦላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን ያነሳ አልሰማም።

«እህቴ፣ ሰባት ቁጥር አንቺ አይደለሽም?»

ፊቷ ጠቆረ። «ቀስ ይበሉ እንጂ መምህር! እናቴ ሰባት ዓመት ሙሉ ‹ልጄ አረብ አገር ናት› እያለች ነው በሰው ፊት ቀና ብላ ቤተ ስኪያን የሳመችው። እዚህ አገር ግርድና አያሳፍርም፤ ነውሩ በቁምጣ መሮጥ ነው። ዛሬ ከሞተች በኋላ ውሸታም ላድርጋት?»

«የኔም ልጅ ኳስ ነፍሷ ነው» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጥተሽ ብታሠለጥኛት?»

ሴትዮዋ የመዘነችውን ድንች ዘንቢሉ ውስጥ ገለበጠችለት።

«ፓስፖርት ያውጡላት» አለችው።