እናቴ ያጠበችው እግር

ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው በትኜ እጄን ስነክር፣ ዛሬም የመንገደኛ እግር ሽታ ይመጣብኛል፤ አቧራ፣ የጎማ ጫማ፣ የደረቀ ደም። መዳፌ ውስጥ የተሰነጠቀ ተረከዝ ያለ ይመስለኛል። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ።

በልጅነቴ ላሊበላ ለገና የሚመጣውን ተሳላሚ ተቀብሎ እግሩን ማጠብ የየቤቱ ወግ ነበር። እናቴ ደጃችን የደረሰውን ሁሉ ከየት መጣህ ሳትል ታስገባለች። እኔ ውሃ አፈሳለሁ፣ እሷ ተንበርክካ ታጥባለች። የምታሳድገኝ ጠላ ሸጣ ነው። አባቴን በድርቁ ጊዜ፣ እኔ ጡት ሳልጥል፣ ከእርዳታ መጠለያው ለሰፈራ ጭነው ወስደውታል። በቁርባን የተጋቡ ስለነበሩ እናቴ ሌላ ባል አላሰበችም። «ሞቷል፣ ተይው» ሲሏት፣ «ሬሳውን አያችሁት?» ትላቸው ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በገና ዋዜማ፣ ፀሐይዋ ጋራው ላይ ስትቀላ፣ አንድ ሰው ሕፃን ካዘለች ሴት ጋር ገባ። እናቴ እንዳቀረቀረች እግሩን ወደ ገበቴው ሳበች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ ስትነካ እጇ ቆመ። ቀና አለች። ሰውየው ፊቷን አየ።

«አልቀዋል አሉኝ» አለ። «እናትም ልጅም መጠለያው ውስጥ አልቀዋል አሉኝ።»

ጠላ ልትገዛ የመጣች ጎረቤታችን ጮኸች። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እኮ ነው! ኧረ አንቺ ሴት፣ ውሃውን ፊቱ ላይ ድፊለት! ሚስቱን አስከትሎ ሊሳለም መጣ!»

«ዝም በዪ፤ እንግዳ ነው» አለቻት እናቴ። እሱን ደግሞ፣ «ሁለተኛውን እግርህን አምጣ» አለችው።

የሴትየዋ ተራ ሲደርስ እግሯን ሰበሰበች። «እትዬ፣ እኔን እንኳ ይተዉኝ።»

«በዚህ ያበጠ እግር ቅዳሴ ልትቆሚ ነው? አምጪው።»

እኔ ውሃውን ከገበቴው ውጪ አፈስ ነበር። የእናቴ እጅ ግን ጸጥ ብሎ በየጣቱ መሃል ይሄዳል።

ወሬው ፈጥኖ ደርሷቸው የነፍስ አባታችን መጡ። እናቴን ወደ ደጅ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ባልሽ ነው። ቁርባኑ ያንቺ ነው። ይመለስልኝ በዪ፤ እኔ እቆምልሻለሁ» አሏት።

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሕፃኗ አለቀሰች። ሴትየዋ እያባበለች በስሟ ጠራቻት። የእኔ ስም ነበር። እኔም ልጅ ነኝና፣ የተጠራሁ መስሎኝ «አቤት!» አልኩ።

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሞታለች ብሎ አልቅሶልኝ፣ ስሜን ለሌላይቱ ልጁ ሰጥቷት ኖሯል።

እናቴ ወደ ሕፃኗ ዞር ብላ አየች። «አባ፣ ያቺን አባት አሳጥቼ እንዴት ብዬ ልቁረብ?» አለቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ።

በበዓሉ ማግሥት ስንቅ ቋጥራ ሸኘቻቸው። አባቴ ራሴን ዳብሶ «እመጣለሁ» አለኝ። አልመጣም። እናቴ ብቻዋን አረጀች። እንግዳ ማጠቧን አልተወችም፤ ግን ገበቴውን ከማቅረቧ በፊት ቀና ብላ ፊቱን ማየት ጀመረች።

እኔን ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ልጄ» ነው የምትለኝ። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ አንድ ቀን፣ «እማ፣ ስሜን ረሳሽው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«እሱንማ ለእህትሽ ሰጠናት» አለችኝ፣ ወደ ግድግዳው እየዞረች።