የባሕሩ መለኪያ

አይናለም ጉዲና ባሕር ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ወንድሟ ቡልቻ ከሰጠመ በኋላ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የሽቶና የልብስ ሱቅ በሻጭነት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ባሕሩን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ከተማውን በሦስት ወገን ከቦታል፤ ወበቁን ይልካል፣ የበር ማጠፊያ ያዝጋል፣ ከዚያ ውጪ ከሱቅ ሠራተኛ ጋር ጉዳይ የለውም።

ቡልቻ ከአሰላ ወጥቶ በጅቡቲ ሲያልፍ እሷ ዘንድ አድሮ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለችው ከኦቦክ ከተማ በስተሰሜን ካለው ዳርቻ ወደ የመን የተነሳችው ጀልባ ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። ዋኝተው የወጡት ጥቂት ልጆች አብሯቸው እንደነበረ ያውቃሉ። ሲሰምጥ ግን ያየው የለም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

አሰላ የዕድር ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ጎህ ሳይቀድ አባቷ ቤት ሄዱ። አቶ ጉዲና ቆመው አዳመጧቸውና «ያየ ማነው?» አሉ። ያየ አልነበረም። «እንግዲያው የሞተበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ» ብለው በሩን ዘጉ። መርዶ ያልተቀበለ ቤት ድንኳን አይተከልበትም፣ ፍትሐት አይደረግለትም፣ ዘመድ አይመጣበትም። እናቷ ወይዘሮ እታለም ባላቸው እንዳይሰሟቸው ከብቶቹ በረት እየገቡ ነበር የሚያለቅሱት። ለአይናለም በስልክ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቦታውን አሳዪውና ይመን። እኔም እንደ ሰው ጮኼ ላልቅስ።»

አይናለም ዓርብ ቀን በመርከብ ወደ ኦቦክ ተሻገረች፤ ዳርቻው ላይ ቆማ ባሕሩን በስልኳ አነሳችና በአሰላ ጎረቤት ስልክ ለአባቷ ላከችላቸው። አባቷ መልሰው ደወሉ።

«ይህ ምኑ ባሕር ነው? መሃሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ግድግዳ ነው እንጂ። ማዶው የታለ?»

«ማዶው አይታይም፣ አባባ። ሰፊ ስለሆነ ነው።»

«ቡልቻ የሞላ ወንዝ እየዋኘ ያደገ ልጅ ነው። በዚህ አይሰጥምም።»

አቶ ጉዲና በዕድሜያቸው ያዩት ትልቁ ውሃ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ደግሞ ማዶ አለው። አይናለም ስልኩን ስትዘጋ ጥፋቱ የፎቶው እንደሆነ ገብቷት ነበር፤ የባሕሩን ስፋት አያሳይም።

ዓርብ ዓርብ ሙቀቱ በረድ ሲል በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ፎቶ የሚወዱ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ ከአንድ ደንበኛ ሰማችና ሄደች። ዓብዱረዛቅ የፎቶ ማተሚያ ሱቅ ያለው፣ ድሬዳዋ የተወለደ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ይዲድያ የትራንዚት ቢሮ ተቀጣሪ ነው፤ ከሁሉም ውድ ካሜራ ያለው እሱ ነው። ሦስተኛው ጌቾ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር። ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ጭነት ሲጠብቅ ሥራ ፈትነቱ ነው ተራራና ደመና ማንሳት ያስለመደው። የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ፎቶውን ያነሳ ሰው ስለ ፎቶው አይናገርም፣ ለምን እንዳነሳውም አይጠየቅም። ፎቶ ራሱን ካልገለጸ ባለቤቱ ቢገልጸው ዋጋ የለውም ይላሉ። አይናለም ሕጉን አክብራ፣ ምክንያቷን ሳትናገር፣ የኦቦኩን ፎቶ አሳየቻቸው።

«አቦ፣ ይቺ ሳንድዊች ናት» አለ ዓብዱረዛቅ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ እየያዘ። «ከላይ ዳቦ፣ ከታች ዳቦ፣ መሃሉ ባዶ።»

«ዳቦውም የአምና ነው» አለ ጌቾ።

ይዲድያ አልሳቀም። «አድማሱን መሃል ላይ አድርገሽዋል። ሰማዩ ምንም የለበትም፣ ቀንሺው። ደግሞ ቀትር ላይ ነው ያነሳሽው፤ ጥላ ከሌለ ሞገዱ አይታይም። ጠዋት ሂጂ።»

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ሲየስታ ወደሚባለው የከተማው ባሕር ዳርቻ እየሄደች ተለማመደች። አድማሱን ወደ ላይ ገፋችው። ተንበርክካ ድንጋዮቹን ከፊት አስገባች። በየዓርቡ አንድ ነገር ይነቅፉላታል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ያ ነገር አይኖርም። አንድ ቀን ዓብዱረዛቅ ረዘም ላለ ጊዜ አየና «አሁን ፎቶ ሆነች» አለ። «ግን ኩሬ ትመስላለች። ድንጋዩ ጡጫ ያክል ይሁን ቤት ያክል በምን አውቃለሁ? ሰው አቁሚበት። ሰውየው ሲያንስ ነው ውሃው የሚገዝፈው።»

«ጀርባውን ይስጠን» ሲል ጨመረ ይዲድያ። «ፊት ካለ ዓይን እዚያው ይቀራል። ጀርባ ሲሆን አብረነው ወደ ውሃው እናያለን።»

ምክሩ ትክክል ነበር። አባቷ ያጡት መለኪያ እንደሆነ አይናለም ወዲያው ተረዳች።

ጌቾ ጭነቱ አልደረሰለትም ነበርና አብሯት ኦቦክ ተሻገረ። እዚያው አድረው በማግስቱ ማልደው የቡልቻ ጀልባ የተነሳችበት ዳርቻ ደረሱ።

«ራቅ በል» አለችው።

«ከዚህ በላይ ከራቅኩማ የመን ነው። ፓስፖርት አልያዝኩም።»

ስልኳን አነጣጠረች። «እጅህን ከኪስህ አውጣ። ራስህ አድማሱን እንዳይቆርጠው ዝቅ ወዳለው አሸዋ ውረድ።»

«ጀርባዬ ያምራል?»

«ዝም በል፤ ጀርባ አይናገርም።»

ፎቶው ላይ ከሲታ ሰው ከታች ጥግ ቆሟል። ከፊቱ ያለው ውሃ ከምስሉ አራት እጅ ሦስቱን ሞልቶታል፤ የጠዋት ጸሐይ እያንዳንዱን ሞገድ ለይታ አውጥታዋለች፣ ማዶ የለም። ዓርብ ዕለት ሻይ ቤት ውስጥ ስልኳን ተቀባብለው አዩት። በመጨረሻ ዓብዱረዛቅ «ይቺን የሚነካት የለም» አለ። አይናለም እዚያው ተቀምጣ ወደ አሰላ ላከችው።

ማምሻውን አባቷ ደወሉ። እያለቀሱ ነበር። ሲያለቅሱ ሰምታቸው አታውቅም፤ እፎይ አለች።

«ቆሟል!» አሉ። «ልጄ ቆሟል! ትከሻውን አላውቀውም መሰለሽ?»

«አባባ፣ እሱ ሹፌር ነው። ጌቾ ይባላል።»

«ፊቱን ያዞረብኝ ተቀይሞኝ ነው። ሲሄድ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ትቼዋለሁ በይው። ዞር ይበልና አንድ ጊዜ ያሳየኝ።»

አይናለም ፎቶውን መልሳ አየች። ትከሻው የቡልቻን ይመስላል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጌቾን ያየችው እንደ ቁመት ነበር፤ ከአድማሱ በታች ማለቅ እንዳለበት ቁመት። የጌቾን ፊት የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ላከችላቸው። አባቷ «ይህን ሰው አላውቀውም፤ እኔ የምልሽ ያኛውን ነው» አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሕጉን ጥሳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጌቾ ብርጭቆውን አስቀምጦ መሬት መሬት አየ።

«ወላሂ፣ ብትነግሪን ኖሮ ሰው አቁሚ እልሽ ነበር?» አለ ዓብዱረዛቅ።

«አይነገርም አላችሁ እኮ።»

 ይዲድያ ፎቶውን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ሰውየውን አጠፋው፣ የእግሩን ዱካ አለሰለሰ፣ በቆመበት አሸዋና አረፋ ሞላበት። ሥራው ጥንቁቅ ነበር፤ እዚያ ሰው እንደነበረ ማንም አያውቅም። የቀረው ውሃ ብቻ ነው፤ አሁንም ሰፊ ነው። አይናለም ላከችው፤ ከሥሩም «አባባ፣ ማንም የለም፤ ቦታው ይህ ነው» ብላ ጻፈች።

ጥሪው የመጣው በማግስቱ ነው። የአባቷ ድምፅ ቀልሎ ነበር።

«አየሁት፣ አየሁት። ተነስቷል።»

«አባባ...»

«ተሻግሯል ማለት ነው። ማዶ ሲደርስ ስልክ እስኪያገኝ መታገሥ ነው። ለዕድሩም ነግሬያለሁ።»

አይናለም እናቷን አገናኙኝ አለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከኋላ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው ይስቃል። ወይዘሮ እታለም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይኑዬ፣ ሌላ ፎቶ እንዳትልኪ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ...»

«አውቃለሁ። በይ ደህና ሁኚ፤ ሰዎች እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ መጥተዋል፣ ፊቴን ልታጠብ።»