ቅናት ያሳደሰው ፈቃድ

ልብስ ሰፊዋ የንግድ ፈቃዷን ለማሳደስ በየዓመቱ ሱቋን ዘግታ ሰልፍ ትውላለች። በስልክ ማሳደስ እንደሚቻል በሬዲዮ ሰምታለች፤ ማስታወቂያውንም መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ አይታዋለች። እሷ ግን ማህተም የሚመታውን ሰው ዓይን ዓይኑን ካላየች አታምንም።

ዘንድሮ ቀነ ገደቡ ሲቃረብ፣ አጠገቧ ፀጉር ቤት ያላት የባሏ ታናሽ እህት ብቅ አለች።

«እትዬ፣ እኔ ጨረስኩ! የደንበኛዬ ፀጉር ሳይደርቅ ፈቃዴ መጣልኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። ዘወር ስትልላት ግን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ይባስ ብሎ አማቷ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ «የኔ ልጅ እኮ ከወንበሯ ሳትነሳ!» ሲሉ ዋሉ። ስለ ምራታቸው አንድም ቀን እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሬዲዮው ያቃተውን ቅናት አደረገው። በመጨረሻው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ስልኳን አወጣች። ስሟን፣ አድራሻዋን ሞላች። መታወቂያዋን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ አበባማ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችና ላከች። «ምስሉ ግልጽ አይደለም» የሚል መልስ መጣ። ደግማ አነሳች፤ ያው ነው። ዛሬ ካለፈ ሱቋ ይታሸጋል፤ ለሰልፍም ጊዜው አልፏል።

«ፈጣሪዬ፣ ይቺን ልጅ ከመለመን አውጣኝ» ብላ ጸለየች። አላወጣትም። ሄዳ ጠራቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ፎቶውን ስታይ በሳቅ ፈረሰች። «እትዬ፣ ፈቃዱ ለአበባው ነው እንዴ?» ከመደርደሪያው ነጭ ገበር ስባ መታወቂያውን በላዩ አስቀመጠችው። ይኸኛው አለፈ።

«አንቺ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?»

«እኔ ምን አውቄ! የኔንም ወንድሜ ነው ተቀምጦ የሠራልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ተቀብላ ሱቋን ዘጋች። ሲመሽ አውቶቡስ ነጂው ባሏ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው።

«ለእህትህ ሠርተህ፣ ሚስትህ ሰልፍ ትሙት?»

«አንቺማ ሰልፉን ትወጂው የለ! የሰማሽውን ወሬ ይዘሽልኝ ስትመጪ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። ፈቃዱ በስልኳ ደርሷታል፤ ሱቋ አይታሸግም። አምላኳን ከልቧ አመሰገነች። ቅናቷ ግን አልለቀቃትም፤ ወንበሯን ወደ ባሏ አስጠጋች።

«ግብር ማሳወቁም በስልክ ሆኗል አሉ። በል አሁኑኑ አሳየኝ። ለእህትህ ግን ትንፍሽ እንዳትል!»