አቶ ዘለቀ ሪሞቱን ያስጨበጡኝ ዕለት

አቶ ዘለቀን ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ መካነ መቃብር አሳረፍናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ በሁለት ሴት ልጆቻቸው ተደግፈው ከራስጌ ቆመው ነበር፤ ቄሱ ከግርጌ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ አብረዋቸው የሠሩት ወንዶች የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በአጥሩ ጥግ ተሰልፈዋል። እኔ ከሴቶቹ ኋላ፣ እጅ ከምንታጠብበት ቧንቧ አጠገብ ነበርኩ። ባለቤቴ አየለ አልመጡም፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

በሰፈራችን በጊቫት ሃሞሬ የዲሽና የሪሲቨር ነገር ሲያስቸግረን የምንጠራው አቶ ዘለቀን ነበር። ዲሹን የገዛን ጊዜ አየለ ራሳቸው ጣሪያ ወጥተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎንደር አዞሩት። ሥርጭቱ ከአገር ቤት ስለሚመጣ ፊቱን ወደዚያው መስጠት ነው የመሰላቸው። በሰፈሩ እንዲህ ያላደረገ ጥቂት ነው። አቶ ዘለቀ መጥተው ወደ ጊልቦዓ ተራራ በኩል መለሱት። አየለ ተቆጡ።

«ጊልቦዓ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ንጉሥ ሳኦል አለ፤ እሱም እዚያው ከሞተ ወዲህ ዝም ብሏል» አሏቸው። ከዚያም ድምፁ ከአገር ቤት ተነሥቶ በጊልቦዓ በኩል ሰማይ ላይ ወዳለው ሳተላይት እንደሚወጣ፣ ከዚያ እንደሚወርድልን በትዕግሥት አስረዷቸው።

አየለ ሲታመሙ ዕብራይስጡ ጠፋባቸው። ከሐኪሙም ከአስታማሚዋም መግባባት አቃታቸው። ከእኔ ሌላ የቀራቸው የአማርኛው ጣቢያ ነበር። አንድ ቀን እሱም ጠፋ፤ የሚተላለፍበትን ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ኖሯል። አየለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብ እንቢ አሉ።

አቶ ዘለቀ ደረጃውን በዝግታ ወጥተው መጡ። ተቀመጡና ሪሞቱን ለእኔ ሰጡኝ። እንዲያስተካክሉልኝ ለመንኳቸው።

«ዛሬ እኔ አፍ ነኝ፤ እጁ የእርስዎ ነው።»

መምጣቱ የሰለቻቸው መሰለኝ። የነገሩኝን ሁለት ቁጥሮች፣ ፍሪኩዌንሲውንና ሲምቦል ሬት የሚሉትን፣ አስገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት መስመሮች ወጡ፤ የላይኛው ሞላ፣ የታችኛው ባዶ ቀረ። ሆነልኝ ብዬ ቀና አልኩ።

«አይቸኩሉ። የላይኛው ጉልበት ነው፣ የታችኛው ጥራት። ጉልበት ብቻውን ጯሂ ሰው ማለት ነው፤ ምን እንደሚል አይሰማም።»

ከሳተላይቱ የሚወርደው ሞገድ አንዳንዱ ተጋድሞ፣ አንዳንዱ ቆሞ እንደሚመጣ፣ ፖላራይዜሽን የሚሉትም ይኸው እንደሆነ ነገሩኝ። የእኔ ሪሲቨር የተጋደመውን ይጠብቃል፤ የሚመጣው ግን የቆመው ነበር። ቀየርኩት። የታችኛው መስመር ሞላ፣ ድምፁም መጣ።

አየለ ከግድግዳው ዞሩ። «ማን አመጣው?»

«ባለቤትዎ» አሉ አቶ ዘለቀ።

«እሷ? ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?»

አቶ ዘለቀ ሳቁ። እኔን ግን አጥፍቼ እንደገና እንድሠራው አዘዙኝ፤ ሠራሁት።

ቀብር ላይ እጃችንን ስንታጠብ ወይዘሮ ትርንጎ ነገሩኝ፤ ለካ አቶ ዘለቀ ዕድሜያቸው ማጠሩን ከሐኪም ሰምተው ያኔም ያውቁ ነበር። በዚያ ክረምት በየቤቱ እየዞሩ፣ በየቤቱ ለአንድ ሰው ሪሞት ሲያስጨብጡ ከርመዋል። ለማንም ምክንያቱን አልተናገሩም።

ሰዉ ሲበተን ወደ መቃብሩ ተመለስኩ።

አቶ ዘለቀ፣ ጣቢያው ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቦታ ቀይሯል። ማንንም ሳልጠራ አገኘሁት። አየለ ይሰማሉ፤ ይበላሉም። እርስዎ ስለ እኛ አያስቡ። አሁን አየለ ቤት ብቻቸውን ናቸውና ልሂድ። ደህና ይሁኑ።