ሰላምታው አይቆረጥም

በንጉሡ ዘመን የሲኒማ መኪና አሰላ ሲመጣ፣ ገበያው መሃል ነጭ አቡጀዲ ይወጠርና እኔ አጠገቡ ቆሜ የፊልሙን ንግግር ወደ ኦሮምኛ እመልስ ነበር። አንድ ጊዜ ፊልሙ ላይ አንድ ገበሬ ከደጁ ወጣ፤ ወዲያው ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ ታየ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ ማንንም ሰላም አላለም!»

ፊልሙን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው ሰውዬ ሳቀ። «መንገዱን ቆርጠን ጥለነው ነው። በፊልም ታሪክ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ እነዚህ አይገባቸውም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ገብቷቸዋል እንጂ! እኛ አገር የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ቂም ይዟል።

በማግስቱ ሰውዬው ራሱ ፊልም ሊያነሳ ወደ ዲክሲስ ገጠር ይዞኝ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ወጥተው እስከ ገብስ ማሳቸው እንዲሄዱለት በእኔ በኩል ለመናቸው። እሺ ብለው መንገድ ጀመሩ። መሃል ላይ ጎረቤታቸውን አገኙና ቆሙ። ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ላሞቹ ጠየቁ፣ ዝናቡ ላይ ደረሱ። ካሜራው ይዞራል፤ ውስጡ ያለው ፊልም ያልቃል።

«ሰላምታውን ቁረጥ በለው!» ብሎ ሰውዬው ጮኸብኝ። ለሽማግሌ «በላቸው» እንኳ አላለም።

«ቁረጥ የሚለውን ቃል በኦሮምኛ አላውቀውም» አልኩት።

አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ዛሬም ቢጠይቀኝ አላውቀውም።