የማስተዋል ድስት

ከእስቴ የተነሳሁት በሁዳዴ አጋማሽ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የምሄደው ወደ ስማዳ፣ እናቴ ዘንድ ነበር። የአራት ዓመት ልጄ ማስተዋል ጡት ከጣለች ጀምሮ እዚያ ታድጋለች፤ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ አዳር እየገባሁ ብቻዬን ላሳድጋት አልቻልኩም። እናቴ ደውላ «ልጅቱ እህል እንቢ ብላ አፈር ትበላለች» ስትለኝ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። የሰው ልጅ ሰገራ ስመረምር የምውል ሰው ነኝና፣ ሆዷ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል ገምቻለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ግን እንዲህ ተርበትብቼ አላውቅም።

ወደ ወገዳ

የተሳፈርኩባት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ስሟን ያገኘችው ከዚህ መንገድ ይመስለኛል። አቧራው አፍንጫ ድረስ ነው። ግራና ቀኝ ገበሬው የገብስ ማሳውን ይገምሳል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሽምብራ ቆሎ ዘገነችልኝና የተኛች ልጇን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛወረች።

«እስቲ ላግዝሽ» ብዬ ተቀበልኳት። እጄ ቢደነዝዝም እስከ ወገዳ አልመለስኩላትም። የልጅ ጸጉር ሽታ ናፍቆኝ ነበር።

ወገዳ ገበያው ደርቷል። እናቴን ስለማውቃት መጀመሪያ የሄድኩት ሸክላ ተራ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት አነሳሁ።

«ይቺማ የቤተሰብ ወጥ አትችልም» አለችኝ ሻጯ።

«ለአንድ ሰው ናት።»

«ላጤ ነሻ!» ብላ ሳቀችብኝና ከዋጋው ቀነሰችልኝ።

ቤት

ከወገዳ በእግሬ ተጉዤ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ማስተዋል ሮጣ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። እናቴን የምትጠራት «እማዬ» ብላ ነው፤ እኔን እንደ ታናሽ ወንድሞቼ «እቴ ሙሉ»። ሆዷ ተነፍቶ ክንዷ ሰልሏል። ከመደቡ በላይ፣ በእሷ ቁመት ልክ፣ የግድግዳው ጭቃ በጥፍር ተፍቆ ጎድጉዷል። እጄን ሰድጄ ነካሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

በማግስቱ አዝዬ ጤና ኬላ ወሰድኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዷን ለክታ ራሷን ነቀነቀች። የወስፋት መድኃኒት ሰጠቻትና «እንቁላልም ወተትም ያስፈልጋታል፤ እጇንም አስታጥቡልኝ» አለችን።

እንቁላሉ ቤት ውስጥ ሞልቷል። እናቴ ለፋሲካ ብላ ጭድ ላይ ደርድራዋለች። በገብስ አጥሚት ልምታላት ስል ግን ብድግ አለች።

«በሁዳዴ? ዕቃዬን ልታረክሺብኝ ነው?»

«ልጅ እኮ ጾም የለባትም፣ እማዬ።»

«ልጅቱማ የለባትም። ድስቱ ግን ይጾማል!»

ይህንን መልስ ከእስቴ ጀምሬ ስጠብቀው ነበር። ከሻንጣዬ ትንሿን ድስት አውጥቼ ሰጠኋት። ገልብጣ አየቻት፤ በጣቷ መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ቀይ ክር ፈልጋ ድስቷ አንገት ላይ አሰረች።

«ይቺ የማስተዋል ናት። ማማሰያዋም ለብቻ። ከእኔ ዕቃ ጋር ያገናኛት ወዮለት!»

ደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሦስት ጉልቻ ጎለተች። እንቁላሉን የሰበረችው ራሷ ናት፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ።

ማስተዋል ጥቂት ቀምሳ ተወችው። ሌሊት አቅፌያት ላድር ተመኝቼ ነበር፤ እሷ ግን ሾልካ አያቷ ጉያ ገባች።

መልስ

ይዣት ልመለስ አስቤ ነበር። ግን አዳር ስገባ ማን ይይዝልኛል? እስከ መስከረም አዳሩን አስቀይሬ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልወስዳት ከእናቴ ጋር ተስማማን። ስሰናበታት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ አላለቀሰችም። እኔ ግን እስከ ወገዳ እያለቀስኩ ወረድኩ።

እስቴ ኪራይ ቤቴ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። መድኃኒት ትሉን ያስወጣል፤ ሥጋ የሚሞላው ግን ድስቱ ነው። ላቦራቶሪ ስንት ዓመት ተቀምጬ ይህን የተማርኩት እናቴ ደጅ ነው። አሁን እናቶች ውጤት ሊወስዱ ሲመጡ «ልጁ ለብቻው ድስት አለው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሰንበትበት ብሎ እናቴ ደወለች።

«አፈሩስ?» አልኳት።

«ስሚው» ብላ ስልኩን አስጠጋች። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ ይላል። ግድግዳው ታወሰኝና «አሁንም ትፍቃለች?» አልኳት።

«ድስቷ ናት!» አለች እናቴ እየሳቀች። «ቂጧን ካልፋቅሁ ብላ ነው።»

ከዚያ የማስተዋል ድምፅ መጣ። «እቴ ሙሉ! አነሰኝ! ትልቅ ድስት አምጪልኝ!»

እማዬ አላለችኝም። ይሁን፤ እህል አሰኝቷታል።